የተነሳችው እጅ

«...ስለዚህ ክቡራን ዳኞች፣ አንድ ሰው ጥቂት ቢጎዳ፣ ሺህ ሰው ግን ከተጠቀመ፣ ፋብሪካው ጥሩ ነው ማለት ነው!» ያምሮት የወጥ ማማሰያውን እንደ ማይክ አፏ ላይ ደቅና ጨረሰች።

«አቦ፣ በቃ ጨረስሻቸው!» ሀብትነሽ አጨበጨበች።

ሀብትነሽ ታላቅ እህቷ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሩቅ ከተማ፣ ለውጭ ገበያ ቲሸርት የሚሰፋ ፋብሪካ ስትሠራ ቆይታ፣ ለፋሲካ ፍኖተ ሰላም የገባችው ገና ትናንት ነው። ያምሮት ደግሞ ነገ ቡሬ ላይ በሚደረገው የትምህርት ቤቶች ክርክር ፋብሪካዎችን ደግፋ ትቆማለች። ካሸነፈች ባሕር ዳር ትሄዳለች። የባሕር ዳሩን ጉዞ ከማውራቷ ብዛት ሰፈሩን ሁሉ አሰልችታለች።

ምሳ ቀረበ። እናታቸው ወይዘሮ ንግሥቴ በደስታ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ሀብትነሽን ያጎርሷታል። እሷ ግን በብርጭቆ የተቀዳላትን ውሃ አልነካችውም። ወሬው ደርቶ ሳለ ድንገት ቀኝ እጇን ወደ ላይ አነሳች።

«ምንድር ነው ልጄ፣ ክፍል ውስጥ ያለሽ መሰለሽ?» አሉ እናታቸው።

ሀብትነሽ ደንግጣ እጇን አወረደች። «ውይ! ሽንት ቤት ልሄድ ብዬ እኮ ነው!»

ሦስቱም በሳቅ ፈነዱ። ያምሮትማ እንባዋ ወረደ። ሀብትነሽ ስትመለስ ያምሮት ዓይኗን እየጠራረገች፣ «እዚያ ለሽንትም እጅ ይወጣል እንዴ?» አለቻት።

«በአንድ የስፌት መስመር ላይ አርባ ሴቶች ነን፤ የመውጫ ካርዷ ግን አንዲት ናት። እጅሽን አንስተሽ ተራ ትጠብቂያለሽ። ከመጨነቅ ውሃውን መተው ይሻላል።» እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረችው። ያምሮትን ያናደዳትም ይሄው ነው።

«ታዲያ ምን አስጨበጨበሽ?»

«ውሸት አልተናገርሽማ! ስንት ቤተሰብ የሚኖረው በእኛ ነው። ያንቺንስ ዩኒፎርም ማን ገዛው? ይዘጋ እንዳትይብኝ አደራ፣ የት ልገባ ነው?» ትንሽ አሰበችና ፈገግ አለች። «ካርዷን ግን ቢያበዟት...»

ያምሮት ወረቀቷን አወጣች። «አንድ ሰው» የሚለውን ሰርዛ «ሀብትዬ» ብላ ጻፈችበት። «ሀብትዬ ጥቂት ብትጎዳ...» እያለች ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረችና ወረቀቱን አጠፈችው። እህቷ አንጀቷን በላቻት።

ስልኳን አንስታ ለክርክር ክበቡ መምህር ደወለች። «መምህር፣ ነገ ፋብሪካው ጥሩ ነው ብዬ ብቻ ከመድረክ አልወርድም። የአንዲት ሠራተኛ ነገር እናገራለሁ፤ ስሟን ሳልጠራ።»

«እሱማ የተቃዋሚዎችሽ ነጥብ ነው። ትሸነፊያለሽ እኮ፣ ያምሮት!»

«አውቃለሁ፣ መምህር።»

ስልኩን ዘጋችና ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞልታ ለእህቷ ዘረጋችላት። «ጠጪ፣ ሀብትዬ። ማንንም አታስፈቅጂም።»

ሀብትነሽ ሳትተነፍስ ጨለጠችው። ብርጭቆውን መልሳ ዘረጋች።

«ድገሚኝ» አለች።