የዶን ሊዮንስዮ ግድግዳ

ዶን ሊዮንስዮ ማቶስ ግድግዳ ሲበሱ ሞቱ ቢባል ከሰፈራችን ማንም አያምንም ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይሁን። እዚህ ባራኦና ከተማ እኛ ድሪል የምናነሳው በነጠላ ጫማ፣ ሲጋራ በከንፈራችን አንጠልጥለን፣ አቧራው ዓይናችን ውስጥ ሲገባ ግድግዳውን እየተሳደብን ነው። እሳቸው ግን ሠላሳ አንድ ዓመት በሙያ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ሥራ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሬሳቸው ሲገኝ እንኳ መከላከያ መነጽራቸው ከዓይናቸው አልወረደም። የእጅጌያቸው ቁልፍ ተቆልፏል። የሚሽከረከረው የድሪሉ መብሻ ብረት፣ ፑንታው፣ እንዳይጠመጥመው ብለው ጓንት አላጠለቁም፤ የጋብቻ ቀለበታቸውንም አውልቀው ጠረጴዛ ላይ አኑረዋል። ጫማቸው ወፍራም ጎማ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ዋናው ማጥፊያ ነበር። ዶን ሊዮንስዮ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ደጅ ወጥተው የቤቱን መብራት በሙሉ አጥፍተዋል። ድሪሉን ያስነሱት ከጎረቤታቸው ከቶሪቢዮ ፌሊስ ቤት በመስኮት በተሳበ ኤክስቴንሽን ነው። ይህ የቆየ ልማዳቸው ነው። ተማሪዎቻቸውን «መጀመሪያ ግድግዳውን ግደለው፤ ከዚያ ብሳው» እያሉ ነው ያሳደጓቸው። እንግዲህ በሞተ ግድግዳ ሥር፣ ከአንዲት ትንሽ ቀዳዳ በታች፣ በጀርባቸው ተዘርረው ተገኙ። ያ አሮጌ ባለ ብረት ድሪላቸው አጠገባቸው ወድቋል። ለእመቤታችን ለአልታግራሲያ ሥዕል መደርደሪያ እንዲሆን ያለሰለሱት ሳንቃም ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። በዓሏ ዓርብ ነበር።

ሳጅን ቬንቱራ ሲደርስ ጥፋተኛውን አዘጋጅተን ጠበቅነው። ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ፍሬሲያ፣ ቶሪቢዮ በሩጫ ገብቶ ሟቹን በዱላ ሲደበድብ በመስኮት አይታለች። በዚያ ላይ ዶን ሊዮንስዮ በገና ሰሞን፣ በሰው ፊት፣ ቶሪቢዮን «የመብራት ሌባ» ብለውታል፤ ከመንገዱ ምሰሶ ሽቦ ጠልፎ ቤቱን ስለሚያበራ። እውነቱን ለመናገር ከዶን ሊዮንስዮ በስተቀር በዚያ መንገድ ላይ ያልጠለፈ ሰው የለም። ያን ዕለት ግን ስድቡን ለቶሪቢዮ ትተንለት አብረን ሳቅን። ሳጅኑም ጠቡን ሰምቶ፣ ዱላውን ሰምቶ፣ በኤክስቴንሽኑ ላይ ተንኮል ሠርቷል ብሎ ቶሪቢዮን በካቴና ወሰደው። ቶሪቢዮ «ስደርስ እንደዚያ ሆነው አገኘኋቸው» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተናገረም።

ሁለቱ ሰዎች አበልጆች ነበሩ። የቶሪቢዮን ልጅ ክርስትና ያነሱት ዶን ሊዮንስዮ ናቸው። አበልጁን የገደለ ሰው ሚስት ሰላምታ አይገባትም ብለን ሚስቱን ዩበርኪስን ፊት ነሳናት። እኔም ሱቅ ደጃፍ ላይ ስታየኝ ወደ ማዶ ተሻግሬያለሁ። አሁን ስጽፈው ፊቴ ይቃጠላል።

ዓርብ ጠዋት ከአውራጃው ኢንስፔክተር ኒኖስካ ኩዌቫስ መጣች። ወፈር ያለች፣ ሃምሳን የተሻገረች፣ የክስ ፋይሉን እንደ ማራገቢያ የምትጠቀም ሴት ናት። ቶሪቢዮ በዚያው ከሰዓት በኋላ ወደ ዋና ከተማው ትልቅ እስር ቤት ሊወሰድ ነበር። እዚያ የገባ ሰው ፍርድ ቤት እስኪቀርብ ዓመት ሁለት ዓመት እንደሚፈጅ ሁላችንም እናውቃለን።

ሳጅን ቬንቱራ ደጅ ላይ ተቀብሏት ማጥፊያውን በኩራት አሳያት። በፕላስተር ታሽጎ የሳጅኑ ፊርማ ሰፍሮበታል። ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ የሰው እጅ አልነካውም አላት። እሷም ፊርማውን አይታ ጎሽ ብላው ገባች።

ባልቴቷ ዶኛ ኤርሚንዳ ጥቁር ለብሰው ሳሎን ተቀምጠዋል። እንግዳ በባዶ አፉ አይቀመጥም ብለው ተነሡና ከጓዳ የታማሪንድ ጭማቂ አመጡላት። ኒኖስካ እየደጋገመች፣ እያጣጣመች ጠጣች፤ ብርጭቆው ውስጥ በረዶው እየተንኳኳ። ሴትየዋ ኩሽና ሆነው ምንም እንዳላዩ፣ ሲወጡ ባላቸው ወድቀው እንዳገኟቸው ነገሯት። ሲናገሩ ዓይናቸው ከወለሉ አልተነሣም። ኒኖስካም አላስጨነቀቻቸውም።

ከዚያ ግድግዳውን አየች። ቀዳዳዋ ከመስኮቱ ብረት አጠገብ ናት። ዶን ሊዮንስዮ ከታችኛው ሶኬት ቀጥ አድርገው ወደ ላይ፣ ቀጥ አድርገው ወደ ጎን፣ በእርሳስ ሁለት መስመር አስምረው ከሁለቱም ርቀው ነው የበሱት። የድሪሉን ፑንታ አነሣችና ወደ ብርሃን አቀረበችው። ጫፉ ላይ እንደ ሻማ የቀለጠች ትንሽ ጉድጓድ ነበረች። የሐኪሙን ወረቀት ጠይቃ አነበበች፤ በሁለቱም መዳፍ ትንሽ ቃጠሎ፣ በቀኝ ክንድ ላይ ሰንበር፣ ሌላ ምንም።

ፍሬሲያ ሳትጠራ ራሷ መጣች። እንዲህ ያለ ወሬ ይዛ ቤቷ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም።

«በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት፣ ኢንስፔክተር። በመጥረጊያ እንጨት ሲነርታቸው።»

«የት የት መታቸው?»

«እጃቸውን ነዋ። ደጋግሞ እዚያው እጃቸውን።»

«ጭንቅላታቸውንስ?»

«እሱን አላየሁም።»

«ዶን ሊዮንስዮስ ሲመቱ ምን አሉ? ሸሹ?»

ፍሬሲያ አሰበች። ይህን ጥያቄ እስከዚያች ሰዓት ራሷን አልጠየቀችም፤ እኛም አልጠየቅናትም። «ምንም አላሉም» አለች ድምጿን ቀንሳ። «ድሪሉን እንደያዙ ደርቀው ቆመው ነበር። በግራ እጃቸው የመስኮቱን ብረት ጨብጠው።»

ኒኖስካ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ከቶሪቢዮ ፊት ተቀመጠች። ቶሪቢዮ ለሳኝ ነው፤ ጥፍሩ ሥር ሲሚንቶ አይጠፋም። ረቡዕ ዕለት ጓሮው ውስጥ ሞተር ብስክሌት ሲጠግን የድሪሉን ድምፅ እንደሰማ፣ አጥር ዘሎ እንደሮጠ፣ መጥረጊያውን ከበሩ ጥግ እንዳነሣ ሳይደብቅ ነገራት።

«ድሪል ስትሰማ ሁልጊዜ አጥር ትዘላለህ?»

ቶሪቢዮ ጥፍሩ ሥር ያለውን ሲሚንቶ መፋቅ ጀመረ።

«ደህና። አበልጅህን ቆመው አገኘሃቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ትከሻቸውን ይዞ ይስባቸው ነበር። አንተ ደረቅ እንጨት ፈለግህ። ጎበዝ፤ መብራት የያዘውን ሰው በእጅ አይነኩትም። ግን የቤቱ ማጥፊያ ጠፍቷል፤ አጠገቡ ነው ያለፍከው። መብራት እንደያዛቸው በምን አወቅህ?»

«አንዳንዱን ሆድ ይፍጀው፣ ኢንስፔክተር።»

«ዛሬ ማታ የት እንደምታድር ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለ ቶሪቢዮ። «በእናቴ ነፍስ ምያለሁ። ልጄን ግን ማን ያሳድግልኛል እያልኩ ነው ሦስት ቀን ያልተኛሁት።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በዶኛ ኤርሚንዳ ሳሎን እንዲሰበሰብ አደረገች። ቶሪቢዮ በካቴና መጣ። ዩበርኪስ ከጥጉ ቆመች፤ ከአጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ፍሬሲያም ሳጅኑም አሉ። የቀረነው በሩንና መስኮቱን ሞልተን ቆምን። ማንም ሂዱ አላለንም።

«ኤክስቴንሽኑን መርምሬዋለሁ» አለች ኒኖስካ። «የሽቦው ሽፋን አልተላጠም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሳጅኑ ራሱ ማራገቢያ ሰክቶበት ምንም አልሆነም። ዱላውም ሰው አልገደለም። የተመታው እጅ ነው፣ ያውም ከድሪሉ ሊላቀቅ። ሟቹ በአንድ እጃቸው የብረት ድሪል፣ በሌላው የመስኮት ብረት ጨብጠዋል። በአንደኛው የገባ መብራት ልብን አቋርጦ በሌላኛው ይወጣል። ያን ጊዜ የጎማ ጫማ አያድንም። ፑንታውም ጫፉ ቀልጧል። ስለዚህ ዶን ሊዮንስዮን የገደላቸው ይህ ግድግዳ ነው።»

ሳጅን ቬንቱራ ፈገግ አለ። «ግድግዳው ሞቷል፣ ኢንስፔክተር። እኔ ነኝ ያሸግሁት።»

«ልክ ነህ። እሳቸውም ይህንኑ ነው ያመኑት።» ቦርሳዋን ከፍታ የመብራት መፈተሻ ቴስተር አወጣች። ጫፉን ቀስ ብላ ቀዳዳው ውስጥ ከተተችው። እጀታው ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፖል ቀይ በራች።

እያንዳንዳችን የገዛ ቤታችንን ግድግዳ እያሰብን ነበር።

«ይህ ሽቦ በቆጣሪው አያልፍም» አለች። «ከመንገዱ ምሰሶ ተጠልፎ፣ በጓሮ ዞሮ፣ ከልስኑ ሥር ተቀብሯል። ዶን ሊዮንስዮ ሽቦ የሚሄደው ወይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወይ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ነው ብለው አስተምረዋል፤ ለዚህ ነው ያሰመሩት። ይህን የቀበረው ሰው ግን ሽቦ ለመቆጠብ እንደ ሰፈሩ ልማድ በአቋራጭ፣ ሰያፍ ወሰደው። ሁለት ጣት እንኳ አልጠለቀም። ለመሆኑ ወዴት ነው የሚሄደው? ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ጓዳ አለ። ጓዳው ውስጥ ፍሪዘር አለ። መብራት ከጠፋ በሦስተኛው ቀን፣ በዚህ ሙቀት፣ ከዚያ ፍሪዘር የወጣ በረዶ ዛሬ ጠዋት ብርጭቆዬ ውስጥ ሲንኳኳ ሰምቻለሁ።»

ቶሪቢዮ ቀና አለ። «እኔ ነኝ የቀበርኩት። ለራሴ ነው፣ በእሳቸው ግድግዳ አሳልፌ...»

«ለራስህ ቢሆን ከአንተ ቤት ይገባ ነበር። ተው፣ ቶሪቢዮ። እስካሁን የቻልከው ይበቃል።» ከዚያ ወደ ባልቴቷ ዞረች፤ ድምፅዋ አልጠነከረም። «ዶኛ ኤርሚንዳ፣ ይህ ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይወሰዳል።»

ዶኛ ኤርሚንዳ የቀሚሳቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ። ሲናገሩ ለእኛ ሳይሆን ለወለሉ ነበር። ባላቸው «ፍሪዘሩ መብራት ይበላል፤ ሽጪው» ይሏቸው እንደነበር ነገሩን። እሳቸው ደግሞ በፌስታል እያቀዘቀዙ ለተማሪ ከሚሸጡት የታማሪንድ በረዶ በቀር የራሴ የሚሉት ነገር አልነበራቸውም። ዶን ሊዮንስዮ ለዓይናቸው ሕክምና ዋና ከተማው በከረሙበት ሳምንት ቶሪቢዮን ለመኑት፣ ሽቦውን አስቀበሩት፣ ለማንም እንዳይናገር አስማሉት። ከዚያ ለባላቸው «መብራት እንዳይበላ አድርጌ አስጠግኜዋለሁ» አሏቸው። ባልም አመኑ፤ ሰፈሩ ሁሉ ቢሰርቅ ሚስታቸውን የሚጠረጥሩ ሰው አልነበሩም።

«ረቡዕ ዕለት እዚህ ጋ ሲለካ 'ሥዕሏን እዚያኛው ግድግዳ ላይ አድርጋት' አልኩት» አሉ። «'ለምን?' አለኝ። ወደ ኩሽናው መሄድ ጀመርኩ። ድሪሉን እንደያዘ ዞር ብሎ አየኝና 'ኤርሚንዳ፣ ውስጡ የማላውቀው ነገር አለ እንዴ?' አለኝ። 'ምን ይኖራል?' አልኩት። ኩሽና ገባሁ። ምናልባት አያገኘው ይሆናል ብዬ ጆሮዬን ይዤ ቆምኩ።»

«አዎ ቢሏቸው ምን ያደርጉ ነበር?» አለች ኒኖስካ።

«ምንም። ጥሎኝ አይሄድ፣ አይመታኝ። ያፍርብኝ ነበር።»

ሳጅን ቬንቱራ የራሱን ጫማ እያየ የቶሪቢዮን ካቴና ፈታ። ኒኖስካ የግድያው ክስ እንደተዘጋ፣ የሽቦው ጉዳይ ግን የሚመለከተው ሌላ መሥሪያ ቤት እንዳለ ተናገረች፤ ይህን ስትል በሩ ላይ የቆምነውን አንድ በአንድ አየችን። ዓይኗን የተቋቋመ ሰው አልነበረም። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ቀስ ብለው ሲወጡ ሰማሁ፤ ሽቦ ሊያወርዱ እንደሄዱ አውቄባቸዋለሁ፣ እኔም እግሬ እየበላኝ ነበርና።

ቶሪቢዮ አንጓውን እያሸ ወደ ባልቴቷ ቀረበ። «አበልጄ፣ ጠለቅ አድርጌ ብቀብረው ኖሮ ፑንታው አይደርስበትም ነበር» አለ። ዶኛ ኤርሚንዳ እግሩ ላይ ሊወድቁ ሲሉ በክንዳቸው ያዛቸው።

ዩበርኪስ ግን ከጥጉ አልተንቀሳቀሰችም። ሦስት ቀን ሙሉ ድምፅዋን የሰማ ሰው ስላልነበረ፣ ስትናገር ሁላችንም ዞርን።

«አጥሩ ጋ ቆሜ አልቅሼ ነበር» አለች። «ረቡዕም፣ ሐሙስም። መስኮትዎ ክፍት ነበር፣ አበልጄ። አላዩኝም?»

ዶኛ ኤርሚንዳ ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው የሰው ፊት አዩ።

«አየሁሽ» አሉ። «መጋረጃውን የዘጋሁት ለዚያ ነው።»