ሟች የሰጠው ድምፅ

ሽማግሌው ክሊፍ ሃርጊ በጎች የሚሸለቱበት ቤት ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። የመሸለቻው መቀስ ማጅራቱ ላይ እስከ እጀታው ተሰክቷል። ደሙ በወለሉ ጣውላ ስንጥቅ ወርዶ ደርቋል። ዕለቱ የምርጫ ቅዳሜ ነበር፤ በአውስትራሊያ ያልመረጠ ይቀጣልና አገሬው ሁሉ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲተም ውሏል።

መርማሪዋ ሳጅን ቬርና ፔትሪች ስትደርስ የሟች ልጅ ጆሲ የበግ ሸላቹን የዊሬሙን ፊት በአካፋ ተርትራዋለች።

«አንተ ነህ! ከሰዓት በኋላ እርሻው ላይ ከአንተ በቀር ማን ነበር?»

«አጥር ስጠግን ነው የዋልኩት፣ ጆሲዬ! አስራ ሁለት ዓመት አብሬው ሠርቼ?»

ዊሬሙ ደም እየተፋ አለቀሰ። ሌላ ገዳይ ካልተገኘ ዕድሜውን እስር ቤት መጨረሱ ነበር።

ቬርና የጆሲን ባል ብሬትን ለብቻው ጠየቀችው። ከተጋቡ ገና ስምንት ወራቸው ነው። ጆሲ ከንጋት ጀምሮ የሰፈሩ ምርጫ ጣቢያ በሆነው ትምህርት ቤት በር ላይ የምትደግፈውን ዕጩ ወረቀት ስታድል፣ እሱም ከስድስት ሰዓት ወዲህ እዚያው ለመራጩ ቋሊማ ሲጠብስ ውሏል።

«ጠዋት አማቴን ከተማ ወዳለው ሌላ ምርጫ ጣቢያ ወስጄው አምስት ተኩል ላይ መረጠ። ስድስት ሳይሞላ እርሻው መለስኩት። ካላመኑኝ መዝገቡን ይዩ።»

ቬርና ወደ ከተማው ምርጫ ጣቢያ ደወለች። በእርግጥም የክሊፍ ስም ላይ ምልክት ተደርጓል።

«መታወቂያውን አይታችኋል?»

«መታወቂያ አንጠይቅም። ስምና አድራሻ፣ ደግሞም ቀድመህ መርጠሃል ወይ፣ በቃ።»

ቤቱን ስትፈትሽ ከብሬት ጃኬት ኪስ ክሊፍ ያልፈረመበትን የማዕድን ኩባንያ የመሬት ግዢ ውል፣ ከማድ ቤት ደግሞ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘች። ጆሲን፣ ብሬትንና ዊሬሙን እዚያው ማድ ቤት ሰብስባ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ዊሬሙ፣ ክሊፍ ማንን ነበር የሚመርጠው?»

ዊሬሙ በተሰነጠቀ ከንፈሩ ሊስቅ ሞከረ። «ክሊፍ? እኔን ኒውዚላንዳዊውን እዚህ መምረጥ ይከለክሉኛል፤ እሱን እየለመኑት አይሄድም!»

ቬርና ቆርቆሮውን ከፈተችው። የሠላሳ ዓመት የቅጣት ደብዳቤ ነው፤ በየምርጫው ሃያ ዶላር።

«አጎቴን መንግሥት የተወለድክበት ቀን በዕጣ ወጥቷል፣ ዝመት ብሎ ቬትናም ላከው፤ እዚያው ቀረ» አለች ጆሲ። «አባቴም 'ወንድሜን በዕጣ የመረጠውን መንግሥት እኔ አልመርጠውም' አለ።»

«ብሬት፣ አንተ ቤተሰቡን ከተቀላቀልክ ወዲህ ምርጫ አልነበረም፤ ይህን አታውቅም» አለች ቬርና። «መሬቱን ለማዕድን ቆፋሪዎች አልሸጥም ስላለህ ጠዋት ገደልከው። ከዚያ ከተማ ሄደህ በስሙ መረጥክ፣ እስከ ስድስት ሰዓት በሕይወት ነበር እንዲባል። ከዚያ ወዲያ አንተ ሰው መሃል ነበርክ፤ እርሻው ላይ ያለው ዊሬሙ ብቻ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ያንተ አንድ ቀንም አልዋለ።»

«ሕግ እኮ ነው! ሰው ሁሉ ይመርጣል!»

ብሬት የዳቦ ቢላዋ አንስቶ ዘለለባት። ቬርና በብረት መጥበሻ የእጁን አንጓ አለችው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰሙት።

በካቴና ከወሰዱት በኋላ ጆሲ የዊሬሙን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችለት። «ይቅር በለኝ» አለችው። ከዚያ ወደ ቬርና ዞረች።

«መዝገቡ ላይ ያለውን ምልክት ያስጠፉልኝ። አባቴ አልመረጠም። ቅጣቱ ይምጣ፤ እኔ እከፍልለታለሁ።»