የሦስተኛው ፎቅ ቧንቧ

«ቤት ለማየት ነው የመጣሽው?» አለ ደላላው በሩ ላይ።

«አዎ።»

«እንግዲህ እህቴ፣ ሦስቱም ፎቅ ተከራይቷል። ባዶ ቤት ብትፈልጊ አታገኚም!»

«ማየት የምፈልገው ደረጃው ስር የወደቀውን ሰው ነው» አለች መርማሪዋ መታወቂያዋን አውጥታ።

ደላላው አፉን ይዞ መንገድ ለቀቀላት።

ሟቹ ገማች ነበር፤ ገዢው የሕንፃውን ትክክለኛ ዋጋ እንዲያጠናለት የላከው። መርማሪዋ ተንበርክካ ከእጁ ያልወጣውን ነጭ መሐረብ አየች። መሃሉ እርጥብ ነው፤ ዝገት የመሰለ ቀለም ይዟል።

«ምኑ ይመረመራል?» አለ የሕንፃው ባለቤት። «አንደኛ ፎቅ ላይ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰምቻለሁ። ቤቱ ከተሸጠ ትወጣለቻ! ገፈተረችው። እሱ ከእሷ በር አላለፈም፤ እኔም ከምድር ቤት አልተነሳሁም።»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳጠለቀች በሯ ላይ ቆማለች።

«ተጨቃጭቀናል፤ ምን ያስዋሸኛል? ልጆቼን ያሳደግኩበት ቤት ነው። በካቴና ግን አልወጣም። ከፈለጋችሁ ከነማሽኔ ተሸከሙኝ!»

«እትዬ፣ ገብቶ ምን አደረገ?»

«የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍቶ እጁን ታጠበና በመሐረቡ አደረቀ። ውሃውን አይቶ ‹እርስዎስ እውነትም ይኖሩበታል› ብሎ ሳቀ።»

መርማሪዋ ቧንቧውን ከፈተችው። ውሃው ጥርት ያለ ነው። የሁለተኛው ፎቅም እንደዚያው። ሦስተኛው ተቆልፏል።

«ተከራዩ ሥራ ላይ ነው» አለ ባለቤቱ። «በምን መብት ነው የሰው ቤት የምታስከፍቺኝ?»

«ይክፈቱት፤ አለዚያ እሰብረዋለሁ። ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«ጋሼ ጋ ብቻ» አለ ደላላው። «ለእኔ እንኳ ሰጥተውኝ አያውቁም።»

ባለቤቱ ደላላውን አፍጥጦ አየው። ደላላውም አፍጥጦ መለሰለት።

በሩ ተከፈተ። መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ጫማ በር ላይ ተደርድሯል። መርማሪዋ ሁሉንም ሰው ወጥ ቤት ውስጥ ሰብስባ ቧንቧውን ከፈተች። አየር ተፋ፤ ቀጥሎ ቡናማ ውሃ።

«እዚህ ከወራት ወዲህ ሰው አልኖረም» አለች ረጋ ብላ። «ውሃው የብረት ቧንቧው ውስጥ ቆሞ ዝገት ይዟል። የሕንፃ ዋጋ የሚገመተው በሚያስገባው ኪራይ ነው፤ አንድ ፎቅ ባዶ ከሆነ ዋጋው ይወርዳል። ለዚያ ነው መጋረጃ የሰቀሉት። ገማቹ እዚህም እጁን ታጠበ፤ መሐረቡ ይኸው። ይህን በር ሊከፍትለት የሚችለው ደግሞ ቁልፉን የያዘ ሰው ብቻ ነው። ‹ከምድር ቤት አልተነሳሁም› ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«ዝም በል አልኩት!» አለ ባለቤቱ ጮክ ብሎ። «እውነቱን ለገዢው እናገራለሁ ብሎ ደረጃውን መውረድ ጀመረ።»

በካቴና የወረደው እሱ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ወደ ቤቷ ተመልሳ ያቋረጠችውን ቀሚስ መስፋት ቀጠለች።