ያልተነገረው ሩጫ

«ወንድ ነርስ የለም እንዴ?» አለ ሀፊዝ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እንደ ጨበጠ።

«ዛሬ ያለሁት እኔ ነኝ» አለችው ቢልቂስ። ደሴ ባለ አንድ ክሊኒክ የልብ ምርመራ ክፍል ነርስ ናት። ሯጩ ሀፊዝ እስከ ጆሮው ቀላ፤ እሷም ሳቋን ዋጥ አደረገች። ፍቅራቸው እንዲህ በእፍረት ጀመረ።

ሀፊዝ የመጣው አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ከማስፈረሙ በፊት ተመርመር ስላለው ነው። የልቡ ግድግዳ ወፍሮ ተገኘ። ሐኪሙ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው አሉ፤ ወይ ሩጫ ያጠነከረው ጤነኛ ልብ፣ ወይ ድንገት የሚገድል የልብ ጡንቻ በሽታ። መለያው ሦስት ወር ሩጫ ማቆም ነው፤ ውፍረቱ ከቀነሰ ከሩጫ የመጣ ነው፣ ካልቀነሰ ግን በሽታ። ሀፊዝ የሰማው «እረፍ» የምትለዋን ብቻ ነበር።

አንድ ማለዳ ቢልቂስ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ወደ ሥራ ስትወጣ ዳገቱ ላይ ሲሮጥ አየችው። እሱም አይቷት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሳቀ። እየሮጠ ውፍረቱ እንደማይቀንስ ታውቃለችና ለሐኪሙ መናገር ነበረባት። ግን ከፈረመ አዲስ አበባ ይገባል፣ ከዚያም ውጭ አገር፤ እሷን ማን ያስታውሳታል? ዝም አለች።

በቀጠሮው ቀን ውፍረቱ እንዳለ ነበር። ሐኪሙ «አርፈሃል?» ሲሉት «አዎ» አለ። ቢልቂስ አጠገቡ ቆማ መሬት መሬቱን አየች። በሽታ ነው ተባለ፤ ሩጫም ተከለከለ።

አሁን የኔ ነው አለች በሆዷ፤ ሽማግሌ እስኪልክ ጠበቀች። እሱ ግን አንድ ዓርብ ከመስጊድ መልስ መጥቶ፣ «ሌላ አግቢ ቢልቂስ። በልጅነትሽ ባል የሞተባት አላስብልሽም» አላት።

ያኔ አላስቻላትም። «ልብህ ጤነኛ ሊሆን ይችላል... ስትሮጥ አይቸ ዝም ያልሁት እንዳትሄድብኝ ብየ ነው።»



«እኔ እረፍቱ መድኃኒት መስሎኝ ነበር። ምንም ስላላመመኝ ሮጥሁ። አንቺ ግን ታውቂ ነበር። ወላሂ፣ ስተኛ የማልነሳ እየመሰለኝ ነው የከረምሁት» አላት ሀፊዝ።

ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ እውነቱን ተናገረ፤ የእሷን ስም ግን አላነሳም። እንደገና ሦስት ወር፣ አሁንስ የምሩን፣ አረፈ። ውፍረቱ ቀነሰ። ልቡ ጤነኛ የሯጭ ልብ ነበር።

ቢልቂስ ከልቧ አልሐምዱሊላህ አለች። ሲወጣ ተከትላው አውፍ እንዲላት፣ ይቅር እንዲላት ለመነችው።

«አውፍ ብየሻለሁ» አላት ቀስ ብሎ። «ግን ተጋብተን ነገ ልጃችን ታሞ፣ ምንም አይለው ብትይኝ፣ እንዴት ብየ አምንሻለሁ?»

ሀፊዝ በሳምንቱ አዲስ አበባ ገብቶ ፈረመ። ቢልቂስ ቁጥሩን ከስልኳ አላጠፋችም፤ ደውላም አታውቅ።