አራተኛው ጠመንጃ

ሌስ ሀናፎርድ የሞተው ተንበርክኮ ነው። ጥይቱ የገባው በአናቱ ስለሆነ መንደሩ «አንበርክኮ ገደለው» ብሎ ፈርዶ ጨርሷል። መንደር ደግሞ አንዴ ከፈረደ ይግባኝ አይሰማም።

በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ስንዴ አገር ግንቦት ሲገባ ይበርዳል። መርማሪዋ ሳጅን አይሊን ፕራውት ከሆርሻም ከተማ ስትደርስ ሌስ ከምድጃው ፊት እንደወደቀ ነበር። አጎንብሳ ፊቱን አየች። ጉንጩና ከንፈሩ አመድ ለብሷል። ቀና ስትል ጣሪያው በጭስ ጠቁሯል።

«ጎረቤታችን ኮል ነው የገደለው» አለች ሚስቱ ሜርል፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ። «ጠዋት ከአጥሩ በር ላይ ሲጮህበት ነበር። እኔ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን ላሠራ ከተማ ወጣሁ። ስመለስ…»

ኮል ድራይስዴል እጁ በካቴና ታስሮ ማድ ቤት ተቀምጧል። የመንደሩ ፖሊስ ባሪ ኩዊል ይጠብቀዋል። ማታ ሆርሻም እስር ቤት ሊያስገባው ነው።

የሁለቱ ጎረቤታሞች ጠብ የቆየ ነው። ታዝማኒያ ደሴት ላይ አንድ ታጣቂ ሠላሳ አምስት ሰው በጥይት ከጨረሰ በኋላ፣ መንግሥት ጥይት በራሱ የሚጎርሰውን ጠመንጃ ከገበሬው እየገዛ ሰበሰበ። ያኔ ሌስ በመንደሩ አዳራሽ ተነስቶ «አንድ ጠመንጃ ከቀነስን አንድ ለቅሶ ቀነስን» አለ። ኮል ግን መጠጥ ቤት ውስጥ አንዷን ቀብሬ አስቀርቻለሁ እያለ ሲፎክር ከረመ።

«ጉራ ነው እኮ ሳጅን!» አለ ኮል። «ያለኝን ሁሉ አስረክቤአለሁ።»

«ታዲያ ጠዋት ምን አጣላችሁ?»

«ያው ነዋ! ሌባው መቼ አስረከበ? የተሰበሰበው የጨዋ ሰው ጠመንጃ ነው፤ ምን ፋይዳ አለው አልኩት። ‹ቤትህ ከጠመንጃ ባዶ መሆኑ ላንተው ፋይዳ ነው› አለኝ። ሰድቤው ሄድኩ።» ካቴናውን አየ። «አርባ ዓመት ጎረቤቴ ነው። የመጨረሻ ቃሌ ስድብ ሆነ።»

አይሊን ባሪን ወደ ውጭ ጠራችው። «ሁሉንም አስረክቧል?»

«እኔ የመጣልኝን ተቀበልኩ። የቀረውን ማን ቆጥሮት?»

ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ቤቱ ዙሪያውን ጭቃ ነው። አይሊን እያጎነበሰች ዞረች። የኮል የጫማ ዱካ ከአጥሩ በር አላለፈም። ስትመለስ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አራት የጠመንጃ ማንጠልጠያ አየች፤ በአራቱም ላይ ጠመንጃ የከለለው ቀለም እኩል ሳይደበዝዝ ቀርቷል።

«የሌስን ስንት ተቀበልክ?»

«ሦስት። ያመጣችው ሜርል ናት። እሱ የአባቱን ጠመንጃ ለማስረከብ እግሩ አልሄድ ብሎት።»

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ አይሊን ሁሉንም ምድጃው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ኮል እዚህ ቤት አልገባም» አለች። «ጭቃው ይመሰክራል። ሌስም ለገዳይ አልተንበረከከም፤ እሳት ሊያነድ ነው። ማሞቂያው ከተማ ሄዷል። ወይዘሮ ሜርል፣ ሲመለሱ ቤቱ ሞቆ እንዲጠብቅዎት ፈልጎ ነው። ጭሱ ግን አልወጣ አለ። ያ ሁሉ አመድ ፊቱ ላይ የቦነነው እፍ ሲል ነው። ጭሱን ምን ዘጋው?»

«የወፍ ጎጆ ይሆናል» አለ ባሪ።

«ጎጆ አይተኩስም። ጥይቱ የመጣው ከላይ ወደ ታች ነው። እዚህ የተንበረከከ ሰው ከአናቱ በላይ ያለው የጭስ መውጫው ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ አራት ማንጠልጠያ አለ፤ ባሪ የተቀበለው ሦስት ነው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አራተኛውን የት ሰቀሉት?»

ሜርል ግራ ገብቷት አየቻት። «እሱማ እዚያው ውስጥ ነው። በማቅ ጠቅልዬ በማንገቻው ሰቀልኩት። ማሞቂያው ከተገዛ ወዲህ ምድጃው ነዶ አያውቅማ። አባቱ የሰጠው ነው፤ ይወሰዳል ሲባል ተደብቆ ሲያለቅስ ሰማሁት። አንድ ቀን አውጥቼ ላስደስተው ነበር። እሳቱን ሳይ ተቃጥሎ ይሆናል ብዬ አዘንኩ እንጂ…» ወደ ምድጃው ዞረች። «ጠመንጃ ያለ ሰው እጅ ይተኩሳል እንዴ?»

«ጥይት ጎርሶ ከነበረ፣ እሳት ያስተኩሰዋል። ምላጩን ማንም ሳይነካው።»

ባሪ እጁን ወደ ጭስ መውጫው ሰደደ። ማቁ ግማሹ ነዷል። ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። አውርዶ ከፈተው፤ ውስጡ ገና ጥይት አለ።

ሜርል ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ሌስ በነበረበት ቦታ። «መጉረሱን እኔ ምን አውቄ! ጠመንጃ ከፍቼ አላውቅም።» ከዚያ ቀና አለች። «ባሪ፣ ከሌሎቹ ጋር ባመጣልህ ኖሮስ?»

ባሪ ጥይቱን ከጠመንጃው ማውጣት ያዘ።

«ጠየቅኩህ እኮ!»

«መጀመሪያ የማደርገው ከፍቼ ጥይቱን ማውጣት ነው» አለ። «ካመጣሻቸው ከሦስቱም አንዱ ጎርሶ ነበር።»

አይሊን የኮልን ካቴና ፈታች። ሂድ ቢባልም አልሄደም። ሜርል አጠገብ መጥቶ ተንበረከከ።

«አንተ ነህ አልኩ» አለችው።

«ተይው ሜርል።»

ከዚያ ኮል አንገቱን ሳያቀና ተናገረ።

«ባሪ፣ መኪናህ ውስጥ አካፋ አለ?»

«ለምን?»

«ጉራ አልነበረም።»