የመምህር ቱ ሚንሻን የመጨረሻ መስመር

የሥዕል መምህሩ ቱ ሚንሻን በገዳሙ ግድግዳ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። የአውራጃው ዳኛ ሉዎ በማግስቱ ጠዋት ሲደርሱ ሬሳው አልተነሣም ነበር። ከበላዩ የእንጨት ርብራብ ቆሟል፤ ግድግዳው ላይ የተሣሉ አማልክት ተሰልፈው ይሄዳሉ። ቀበቷቸውና እጅጌያቸው ነፋስ ያነሣው ይመስላል። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የነበረው የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ዉ ዳውዚ እንዲህ ይሥል ነበርና፣ ቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእሱን እጅ ሲከተሉ ኖረዋል።

ዳኛው ተንበረከኩ። የወለሉ አቧራ እስከ ግድግዳው ሥር ተጠርጓል፤ ሰውዬው ከወደቁ በኋላ በክርናቸው ተስበዋል። ጀርባቸው ላይ ጥቁር ቀለም ተንጠባጥቦ ደርቋል።

«ማን አገኛቸው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ አብሯቸው ያረጀው ደቀ መዝሙር ፋን ዮንግ። «የመጨረሻውን መስመር ብቻዬን ልሣለው ብለው ሙጫ እንዳፈላ ወጥ ቤት ላኩኝ። ስመለስ መስመሩ አልቋል፤ እሳቸው ወድቀዋል።»

መስመሩ ከአንዲት አምላክ ትከሻ ተነሥቶ እስከ እግሯ ይወርዳል። አንድም ቦታ አልተንቀጠቀጠም።

ዳኛው ወደ አበምኔቱ ዞሩ። «ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ፣ አባ።»

«ለበዓሉ ይድረስ ብዬ ጨቀጨቅኋቸው። ዉ ዳውዚ ቢሆን በአንድ ቀን ይጨርሰው ነበር ብዬ አሾፍኩባቸው። ምነው ምላሴ በተቆረጠ። ከዚያ እኔና ልጃቸው ታች መንደር ወረድን፤ ያላየን ሰው የለም።»

የሟች ልጅ ሩላን የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ አባትሽ ትናንት ምን በሉ?»

«ሾርባ። እኔ ነኝ የመገብኳቸው።» ፋንን አየት አደረገች። «ካለፈው ክረምት ወዲህ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ማንኪያ አይዝም። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኝ ነበር።»

ዳኛው ሦስቱንም ግድግዳው ሥር ሰበሰቡ።

«ማንኪያ የማይዝ እጅ ይህን መስመር አይሥልም። ቀለሙ የተንጠባጠበው ጀርባቸው ላይ ነው፤ ስለዚህ ተስበው እዚህ ከተደፉ በኋላ ከበላያቸው ሰው ይሥል ነበር። እዩት፣ ከመስመሩ ሥር ያለው ኖራ ገና እርጥብ ነው፤ በእሱ የተሸፈነ ሌላ ጥቁር ነገር ከሥሩ ይታያል። አባ፣ በዚህ አውራጃ የዉ ዳውዚን መስመር የሚያወርድ ሌላ ማን አለ?»

አበምኔቱ አንገታቸውን ደፉ። «ፋን ብቻ።»

ፋን ባለበት ቁጭ አለ። «አልገፋኋቸውም። ይህን ሁሉ የሣልኩት እኔ ነኝ፤ ስሙ የእሳቸው ቢሆን አልከፋኝም። ትናንት ግን አንዷን መስመር በእጄ ልሞክር አሉ። እጃቸው ዘለለና አበላሿት። ብሩሹን ነጠቅኳቸው፤ ወደ ኋላ ሲሉ ከርብራቡ ወደቁ።»

«ከዚያስ?»

«ያበላሹትን በኖራ ሸፈንኩ። ሰው አይቶ እንዳይስቅባቸው ብዬ።»

ሩላን ቀና አለች። «ጠርተውህ ነበር?»

«ስሜን ጠሩ። መስመሩን ግን ጀምሬው ነበር። መሐል ላይ እስትንፋስህ ከተቋረጠ መስመሩም ይቋረጣል ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

«ስትጨርስስ?»

«ስወርድ ዝም ብለዋል።»

ከዳኛው ጋር የመጡት ወታደሮች ፋንን ይዘውት ወጡ። ሩላን እርጥብ ጨርቅ ይዛ ርብራቡ ላይ ወጣች። አበምኔቱ ሊከለክሏት አፋቸውን ሲከፍቱ ዳኛው ክንዳቸውን ያዟቸው። ቀስ ብላ ጠረገች፤ ያማረው መስመር ከነኖራው በእጇ ላይ ወረደ። ከሥሩ የአባቷ መስመር ወጣ፤ አጭር፣ ጠማማ፣ መሐል መንገድ ላይ የቀረ። ጨርቁን ጣለችና ግንባሯን መስመሩ ላይ አስደግፋ አለቀሰች።