የወፏ ዓይን

ሟቹ ከደረጃው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። አጉሊ መነጽሩ ዓይኑ ላይ እንደታሰረ ነው።

«ከደረጃ ወድቆ ነው የሞተው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ።

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። «በዚህ መነጽር የራሱን ጫማ እንኳ አጥርቶ አያይም። ደረጃ ሊወርድ የተነሳ ሰው አያወልቀውም?» ከዚያ ወደ ላይ ወጣች። ከሥራ ጠረጴዛው እስከ ደረጃው አፍ ድረስ ሁለት የተረከዝ ጭረቶች ወለሉ ላይ ተስለዋል። «ተቀምጦ ሳለ ማጅራቱን ተመቷል፤ ጎትተው ነው የጣሉት።»

ሰውየው ካሜራ ጠጋኝ ነበር። የተዛነፈ ሁሉ በእጁ ስለሚቃና ሰፈርተኛው «የሌንስ ወጌሻ» ይለዋል። ሐኪሙ እንዳለው የሞተው ከቀኑ አምስት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የሥራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በመርፌ የተሰኩ ሃምሳ ያህል ፎቶዎች አሉ፤ ሁሉም ጋዜጣ ላይ የተጋደመ ማስመሪያ ያሳያሉ። መርማሪዋ አንድ በአንድ እየገለበጠች አየቻቸው።

ሚስቱ ምድር ቤት ልብስ ትሰፋለች። እንባዋን በቀሚስ ቅዳጅ እየጠረገች መለሰች።

«ጋዜጣው ዘግይቶ አራት ተኩል ላይ መጣ። ከሻዩ ጋር ይዤለት ወጣሁ። አንድ ካሜራ አቁሞ ማስመሪያ ሊያነሳ ይሰናዳ ነበር።»

«የማን ካሜራ?»

«ለኔ ካሜራ ሁሉ አንድ ነው፣ እህቴ። ከዚያ የተሰፋ ቀሚስ ላደርስ ሄድኩ። ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ ብጠራው...» ቅዳጁን አስቀምጣ ቀና አለች። «ሰው አላማም። ግን ትናንት ማታ እህቱ መጥታ ‹አንተ ወንድም አይደለህም!› ስትለው ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። የጓሮ በሩ ቁልፍም አላት።»

እህቱ አስተማሪ ናት፤ በእረፍት ቀኗ ሐይቁ ዳር የወፍ ፎቶ ታነሳለች። መርማሪዋ ላይ ሥራ ክፍሉ ውስጥ ስትጠይቃት ለመካድ አልሞከረችም።

«ጮኼበታለሁ። በፎቶ ውድድሩ አንደኛ የወጣችው ወፍ የኔ ናት። ፎቶው ያለበትን የካሜራ ካርድ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ጠፋ። ወር ሳይሞላ በሌላ ፎቶ አንሺ ስም ተሰቅላ አየኋት። ‹አንተ ነህ አሳልፈህ የሰጠኸኝ› አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ምንም። ዝም አለ። ያቃጠለኝ እሱ ነው።»

«ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። ብቻዬን።» ከዚያ በጎን ወደ ምድር ቤቱ አየች። «የወንድሜን ሚስት ጠይቂያት። ያቺን ቀሚስ ለማን እንዳደረሰች ማን ያውቃል?»

ሁለቱ ሴቶች የዚያን ቀን በአንድ ጣራ ሥር አለቀሱ እንጂ አንድ ላይ አላለቀሱም።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ወደ ተሸላሚው ፎቶ አንሺ ስቱዲዮ ሄደች። እሱም የጓሮ በሩን የሚያውቅ የወጌሻው የቆየ ደንበኛ ነው።

«ወጌሻው ወንድሜ ማለት ነበር» አለ ፎቶ አንሺው። «ምን ያደርጋል፣ ሞት አይቀድሙት።»

«ሌንስዎ እንዳስቸገረዎ ሰማሁ።»

«ዓመት ሙሉ! ዓይን ላይ አነጣጥራለሁ፣ እሱ ጆሮ ያጠራልኛል። ከነካሜራው ሰጥቼው ነበር፤ ሥራ በዝቶበት ሳይነካው ከትናንት በስቲያ ማታ መልሼ ወሰድኩት።»

«ሽልማት ያገኘችውንስ ወፍ በየትኛው ሌንስ አነሷት?»

«በዚሁ ነው፤ ለወፍ የሚሆን ሌላ የለኝም። ዕድል ሲቀና እንዲያ ነው።» ሳይጠየቅ ካሜራውን ከፈተ። «ትናንት ከአራት እስከ ሰባት ሰዓት ሐይቁ ዳር ነበርኩ። ይኸው፣ ሰዓቱም ተጽፏል።»

ሠላሳ ያህል ወፎች ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ደመና ስለዋለ ከጥላ ሰዓት መገመት አይቻልም። መርማሪዋ አንዷን ወፍ አጎላቻት፤ ሌላዋንም፤ ሦስተኛዋንም።

«እንዴት ያለ ዓይን ነው!» አለች። «ካሜራውን ለአንድ ቀን ቢያውሱኝ?»

«ምን ችግር አለ» አለ። ማንገቻውን ግን ቶሎ አልለቀቀውም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ጡረታ የወጡ ካሜራ ጠጋኝ ዘንድ ቁጭ ብላ እንደ ተማሪ ተማረች። በማግስቱ ሦስቱንም የሟቹ የሥራ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስትና እህት ጥግና ጥግ ቆሙ፤ ፎቶ አንሺው በሩ አጠገብ።

«ወጌሻው ሥራው እንዲህ ነበር» ብላ ጀመረች። «ማስመሪያ ከካሜራው እየራቀ እንዲሄድ ያጋድማል። ካሜራው ዜሮ ላይ ያነጣጥራል። ፎቶው ላይ የጠራው ዜሮ ሳይሆን ሦስት ቁጥር ከሆነ፣ ሌንሱ ሦስት ሳንቲ ወደ ኋላ ይስታል ማለት ነው። የስህተቱን ልክ ካሜራው ውስጥ ያስገባና ደግሞ ያነሳል። ዜሮ እስኪጠራ ድረስ።»

«ይህን ሁላችንም እናውቃለን» አለ ፎቶ አንሺው።

«እርስዎማ ያውቃሉ። ሌንሱ ሳይነካ ወሰድኩት ብለዋል። ታዲያ ትናንት ያየኋቸው ወፎች ሁሉ ዓይናቸው የጠራው እንዴት ነው? ካሜራው ውስጥ ያሉትን የድሮ ፎቶዎችዎን አይቻለሁ፤ ዓይን ደብዝዞ ከኋላው ያለው ላባ ነው የሚጠራው። እነዚህ የተነሱት ሌንሱ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ማስተካከያውም ካሜራው ውስጥ ተመዝግቧል።»

«ራሴ አስተካከልኩት!» አለ ቸኩሎ። «ረስቼው ነው። እዚያው ቤቴ፣ ከመውጣቴ በፊት።»

«እንዲያ እንደሚሉ ገምቼ ነበር።» ከግድግዳው አንዱን ፎቶ ነቀለች። «ከሃምሳዎቹ አንዱ ነው። ዜሮው ጥርት ብሏል። ከጀርባው የካሜራዎ ቁጥር በወጌሻው እጅ ተጽፏል። ማስመሪያው የተጋደመበትን ጋዜጣ ደግሞ ይመልከቱ፤ ዜሮው አጠገብ ያለው መስመር ይነበባል። የጋዜጣው ቀን ወጌሻው የሞተበት ቀን ነው።»

ሚስቲቱ አፏን ያዘች። «እኔ ያመጣሁለት!»

«አዎ። አራት ተኩል ላይ። እንግዲህ ከዚያ ሰዓት በኋላ ካሜራው ገና ይህ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሐይቁ ዳር ወፍ እያነሳሁበት ነበር ይላሉ። የካሜራ ሰዓት በጣት ይዞራል። ካሜራውን ከዚህ ወስደው ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ወርደዋል፤ ሰዓቱን ወደ ኋላ መልሰው ወፎቹን አንስተዋል።»

ፎቶ አንሺው ወደ በሩ አየ። ፖሊሱ እዚያው ቆሟል። ትከሻው ወረደ።

«ካርዱን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ድምፁ ሊሰማ እስከማይችል ዝቅ ብሎ። «አንድ ጊዜ ብቻ... ሃያ ዓመት ሠርቼ አንድ ጊዜ ስሜ ቢጠራ ምን ነበረበት? ካሜራውን ልወስድ ስመጣ ደርሶብኝ ነበር፤ ዝም በል ብዬ ለመንኩት። ‹ነገ ለሸላሚዎቹ እናገራለሁ› አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ሥራው ዞረ። የካሜራው ማቆሚያ ብረት እጄ ላይ ነበር።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። ደረጃው ላይ የጫማቸው ድምፅ እስኪጠፋ ማንም አልተነቃነቀም።

እህትየው ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። «እኔ ግን ወንድም አይደለህም አልኩት» አለች። «የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው። ዝም ብሎኝ ሞተ።»

መርማሪዋ ፎቶውን ገልብጣ ሰጠቻት። ከካሜራው ቁጥር ሥር ወጌሻው በጥቃቅን ፊደል የጻፈው ነበር፤

«ሁልጊዜ ሦስት ሳንቲ ወደ ኋላ ይስታል። የተሸለመችው ወፍ ግን ዓይኗ ጥርት ያለ ነው፤ የእህቴ ወፍ በዚህ ሌንስ አልተነሳችም። እውነቷን ነው። ሳላረጋግጥ አፌን መክፈት አልፈለግሁም። ማታ ሄጄ እነግራታለሁ።»

እህትየው ሁለቴ አነበበችው። ሦስተኛው ላይ ፎቶውን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። ከክፍሉ ማዶ የቆመችው የወንድሟ ሚስት እየሮጠች መጥታ አቀፈቻት።

«ጠርጥሬሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ» አለቻት።

«እኔም።»

መርማሪዋ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችላቸውና ወረደች።